«መከራ»፦ ቃሉና የከያኒው ኃላፊነት

በሥነ ግጥማችንም ሆነ በተውኔታችን «መከራ»ን ያህል የሚዘወተር ቃል ጥቂት ነው። ገጣሚው ቤት መምቻ ሲያጣ ይጠራዋል፤ ተዋናዩም በረጅሙ ተንፍሶ ሲናገረው አዳራሹ ጸጥ ይላል። ይሁንና አንድ ቃል ያለ ቦታው በተደጋገመ መጠን ጉልበቱ መድከሙ አይቀርም። ተመልካቹ ያዝናል፤ ስለ ምን እንዳዘነ ግን ሳይረዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የቃሉ ሥር የሚናገረው ሌላ ነው። በግዕዝ «አመከረ» ማለት ፈተነ፣ መረመረ ማለት ሲሆን፣ «መከራ»ም በመሠረቱ ፈተና ነው። «ሞከረ»ና «ሙከራ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ገዳም የገባ ሰው ከመመንኰሱ በፊት የሚፈተንበት ጊዜ «አመክሮ» ይባላል፤ እስረኛም የፍርድ ዘመኑን ሳይጨርስ የሚፈታው በ«አመክሮ» ነው። በአመክሮ ውስጥ ፈታኝ አለ፤ የሚፈተኑበት ምክንያት አለ፤ የሚያበቃበት ቀን አለ። በመድረካችን የሚሰማው «መከራ» ግን ሦስቱንም አጥቷል። «መከራ ወረደበት» ሲባል ማን እንዳወረደው የሚጠይቅ የለም። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ለግትር ጎረምሳ የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ በማንኛውም ተጎጂ ላይ ሲለጠፍ ጥፋተኛውን ነፃ አውጥቶ ተበዳዩን ይከሳል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከትውልድ ቀያቸው ተገፍተው፣ ፈውስ ፍለጋ መጥተው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የበሽታውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ቢያገኝም፣ ደዌው የኃጢአት ወይም የዘር ቅጣት ነው የሚለው እምነት ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት፣ በ1970 ደግሞ በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም በዚሁ ሰፈር ተመሠረቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 መድኃኒቶችን ያጣመረ ሕክምና እንዲሰጥ ከመከረ ወዲህም፣ የዕድሜ ልክ ይመስል የነበረው ደዌ ዛሬ በስድስት ወር ወይም በዓመት የሚድን ሆኗል። ስም የሌለው መከራ በሙከራ ስም ወጣለት፤ ቀነ ገደብም ተቆረጠለት። የተፈወሰውን ሰው ጎረቤቱ ዛሬም ከሸሸው ግን ፈታኙ ተሕዋሱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ተውኔት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ክፍለ ከተማ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገደለ። «መከራ ወረደባቸው» ማለት ለለቅሶ ቤት ይበቃል፤ ለኪነ ጥበብ ግን አይበቃም። ክምሩ ከሰማይ አልወረደም፤ ከተማው በሙሉ ለዐሥርተ ዓመታት ከየደጃፉ ጠርጎ ያወጣው ነው። ሰው ከሥሩ ቤት ለምን ሠራ? ልጆቹን በምን ያሳድግ ነበር? ክምሩ እንደዚያ እስኪቆለል ዝም ያለው ማን ነው? ይህን የማይጠይቅ የሐዘን ግጥም፣ ዜማው ቢያምር እንኳ፣ ሟቾቹን ሁለተኛ ይቀብራቸዋል።

ይህ ማለት ቃሉ ይጣል ማለት አይደለም። ሕዝቡ «መከራ አሳየው» ሲል ለግሡ ባለቤት ሰጥቶታል፤ ከያኒው ከዚህ ሊማር ይገባዋል። «መከራ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ማን? ስለ ምን? እስከ መቼ? ብሎ ይጠይቅ። መምህሩም ግጥም ሲያስተምር እነዚህኑ ጥያቄዎች ለተማሪዎቹ ያቅርብ። ጥያቄዎቹ መልስ ባገኙበት ተውኔት ውስጥ ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነገር፣ ወይም ጨርሶ ባይነገር፣ ተመልካቹ መከራውን ከነአድራሹ ያውቀዋል።