ከግምጃ ቤት ውጭ የተረፈ ሥርዓት፦ የተክሌ ዝማሜና የደብረ ታቦር ባለሥልጣናት

አለቃ ገብረ ሐና በተነሡ ቁጥር ቀልዳቸው ይቀድማል። ፎገራ የተወለዱት እኚህ ሊቅ አንድ ሙሉ የአቋቋም (የማሕሌት ዜማና እንቅስቃሴ) ስልት፣ የተክሌን ዝማሜ፣ ማፍለቃቸው በጨዋታው መሐል ተድበስብሶ ይታለፋል። ስለ ደብረ ታቦር የሚጻፈውም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ጋፋትና እዚያ የተሠራው መድፍ፣ ቴዎድሮስና ራሶቹ ገጹን ይሞሉትና ለዝማሜው አንዲት መስመር ትተርፈዋለች። ሚዛኑ ተዛብቷል። በጎንደር ነገሥታት ጥላ ሥር ያደገው የማሕሌት ሥርዓት ዙፋኑ ከወደቀ በኋላ የዘለቀው በገዢዎች ጥበቃ ነው የሚለው የተለመደ ትረካ ማስረጃው የሳሳ ነው።

ገዢ ባህልን ሊጠብቅ አይችልም ማለቴ አይደለም። በኢንዶኔዥያዋ የጃዋ ደሴት የሱራካርታው ልዑል ሰባተኛው መንኩነጋራ (እ.ኤ.አ. 1916–1944) በደች ቅኝ አገዛዝ ሥር እውነተኛ ሥልጣናቸው ተመናምኖ ሳለ የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና የጥላ ቴአትር ይዘው ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመውን የጃዋ ኢንስቲትዩትም ደግፈዋል። እሳቸው ግን አዳራሹም፣ ሙዚቀኛውም፣ ደመወዙም በእጃቸው ነበር። የጎንደር ዙፋን ከወደቀ በኋላ ግን በጌምድር ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድሜው የረዘመ ደጋፊ ቤተ መንግሥት አልነበረም።

አፄ ቴዎድሮስን የመጻሕፍት ባለአደራ አድርጎ ማቅረብ ተለምዷል። ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም የሚሆን የብራና ክምችት ማደራጀታቸው እውነት ነው። ብራናው ከየት መጣ? በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት፤ ከተማይቱንም በ1859 ዓ.ም. አቃጥለዋታል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ክምችቱን አንድ ቦታ ተሰብስቦ አገኘው። 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ይገኛል። እንግሊዞችን መክሰስ ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዘራፊዎች ግን እነሱ አልነበሩም።

ራስ ጉግሣ ወሌ ሌላ ሰው ናቸው። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ያስተዳደሩ፣ መጻሕፍትና ቅኔ ወዳድ መኰንን ነበሩ። ታሪክ የሚያስታውሳቸው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ አውሮፕላን ከላይ ቦምብ እየጣለባቸው ስለ ወደቁ ነው። ለእኚህ ሰው፣ ከክርክሬ ጋር ባይስማማም፣ አዝናለሁ፤ ከብዙዎቹ ራሶች ይልቅ ሊቅ ያከብሩ ነበር። ቢሆንም በአንድ ቀን ጦርነት የሚያበቃ ደጋፊ ለአንድ ጥበብ ዋስትና አይሆንም።

ዋናው ነገር ስልቱ ራሱ ነው። በማሕሌት ያው ቃል ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፦ በቁም ዜማ ይባላል፣ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በቁም ይሄዳል፣ በመረግድ ይደምቃል፣ በጽፋት ይፈጥናል። ጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ስልቶቿን ይዛ ነበርና የአለቃ ገብረ ሐናን አዲስ ዝማሜ አልተቀበለችውም። ልጃቸው ተክሌ ተምሮት ደብረ ታቦር ላይ ተከለው፤ ስሙም በልጁ ቀረ። አለቃ ይህን ስልት ያፈለቁት የጣናን ማዕበልና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ሸንበቆ አይተው ነው ይባላል። ትረካው ያምራል፤ ማማሩ ግን ጎድቶናል፤ ሰሚው ሸንበቆውን ሲያደንቅ ሥራውን አያይም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከበሮው ዝም ባለበት ሰዓት ጊዜውን የሚይዘው የካህናቱ አካል ነው። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ መቋሚያው በየትኛው ፊደል እንደሚነሣ፣ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ተማሪው በቃሉ ያጠናል። ዜማው ረጅም ነው፤ አንድ ፊደል ለረጅም ጊዜ ይሳባል። ቀድሞ ያዘነበለ ወዲያው ይታወቃል፤ የዘገየም እንዲሁ። ስለዚህ ተክሌን ብቻውን ተቀምጦ ከብራና የሚማር የለም፤ የሚማረው ከመሪጌታው ፊት፣ ከጓደኞቹ ትከሻ አጠገብ ቆሞ ነው። ሌቦች መቅደላ ላይ ያላገኙት፣ ሊያገኙትም የማይችሉት ይህን ነው።

የጋይንት ደጋም ይህንኑ ይመሰክራል። የዜማ ትምህርት ቤቶቹ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬና መዋሥዕት የምስክር (የመጨረሻ ማረጋገጫ) ቦታ ሆነው የቆዩት በከተማ ግርማ አይደለም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከገበሬው ደጅ ቁራሽ እየለመነ ነው ሊቅ የሆነው። የሥርዓቱ ቀለብ ከገበሬው ሌማት እንደ ወጣ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ ገበሬው ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልነበረውማ።

ዛሬ ተክሌ ከደብረ ታቦር አልፎ በብዙ አድባራት ይሰማል። አደጋው ከሌላ አቅጣጫ መጥቷል። ካሜራ ደማቁን ወረብና ፈጣኑን ጽፋት ይወዳል፤ ረጅሙን ዝማሜ ግን ቆርጦ ይጥላል። በመድረክ ላይ ደግሞ ማዘንበሉ ለዐይን ሲባል ይጋነናል፤ ካህኑ ዜማውን ሳይሆን ተመልካቹን ይከተላል። ይህ ማጌጥ እንጂ አቋቋም አይደለም።

ስለዚህ የደብረ ታቦርን ማሕሌት የሚቀርጹ ሁሉ ዝማሜውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆርጡ፣ አንድ ድምፀ መልካም ካህን ሳይመርጡ፣ ሁለቱን ረድፍ ሙሉውን ይቅረጹ፤ የመሪጌታውንና የመምህሩን መምህር ስምም አብረው ይመዝግቡ።