ባርሜን ምን አለ? ምንስ ሳይል ቀረ?

ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ስናስተምር የባርሜንን መግለጫ በአክብሮት እናነሣለን። ክብሩም ይገባዋል። ነገር ግን ማክበር ከመመርመር አያግድም። በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው፦ ባርሜን ስለ ክርስቶስ ጌትነት የመሰከረው እውነት ነው፤ ድካሙ ይህን እውነት ይዞ እስከ ተበደለው ባልንጀራ ድረስ አለመሄዱ ነው። ፓርቲ፣ ዘርና ጦርነት ምእመናንን በሚያከራክሩበት በዚህ ዘመን፣ በመድረክ ለምትቆሙና ለመቆም ለምትዘጋጁ ሁሉ ጉዳዩ ከታሪክ ትምህርት ያለፈ ነው።

መግለጫው የተወለደበትን ሁኔታ እናስታውስ። ሂትለር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ያዘ። በኤፕሪል ወር አይሁድን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወግድ ሕግ ወጣ። «የጀርመን ክርስቲያኖች» የተባለው ንቅናቄ ይኸው ሕግ በቤተ ክርስቲያንም እንዲሠራ ጠየቀ። በሴፕቴምበር 1933 የፕሩሺያ ሲኖዶስ «የአርያን አንቀጽ» የሚባለውን ደንብ ተቀብሎ፣ ከአይሁድ ዘር የተወለዱ ወይም ከእነርሱ ጋር የተጋቡ ሰዎች ከመጋቢነት እንዲገለሉ ወሰነ። ንቅናቄው ለዚህ ነገረ መለኮታዊ ምክንያት ነበረው። እግዚአብሔር በቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በደም፣ በዘርና በሕዝብ ታሪክም ፈቃዱን ይገልጣል ብለው አስተማሩ፤ በሂትለር መነሣትም የእግዚአብሔርን እጅ አየን አሉ።

ይህን ስሕተት ለመቃወም የሉተራን፣ የሪፎርምድና የተባበሩት አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች በሜይ 1934 መጨረሻ በባርሜን ተሰበሰቡ። በዋናነት ካርል ባርት የጻፈው መግለጫ ስድስት አናቅጽ አሉት። እያንዳንዱ በመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ይጀምራል፣ እውነቱን ይመሰክራል፣ ስሕተቱንም ይነቅፋል። የመጀመሪያው አንቀጽ ልንሰማው፣ ልንታመንበትና ልንታዘዘው የሚገባን አንዱ የእግዚአብሔር ቃል ኢየሱስ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ከእርሱ ሌላ ሁለተኛ የመገለጥ ምንጭ የለም ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ቤተ ክርስቲያን የወንድሞች ጉባኤ እንደ ሆነች፣ ሥርዓቷንም ለዘመኑ የፖለቲካ አስተሳሰብ አሳልፋ መስጠት እንደማትችል ይናገራል። አምስተኛው የመንግሥትን ሥራ ፍትሕንና ሰላምን መጠበቅ ብሎ ይወስናል።

ታዲያ ጉድለቱ የት አለ? ስድስቱን አናቅጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታነቡ «አይሁድ» የሚል ቃል አታገኙም። ሐንስ አስሙሰን መግለጫውን ለጉባኤው ባብራራበት ንግግር፣ ተቃውሟቸው እንደ ዜጋ በአዲሱ መንግሥት ላይ የተነሣ እንዳልሆነ አስረግጦ ተናግሯል። በመሆኑም አንድ ሰው አንደኛውን አንቀጽ በሙሉ ልቡ «አሜን» ብሎ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የፓርቲውን መታወቂያ በኪሱ፣ በጎረቤቱ ላይ ያለውን ጥላቻም በልቡ ይዞ መሄድ ይችል ነበር።

በርግጥ ሦስተኛው አንቀጽ የአርያንን አንቀጽ በተዘዋዋሪ ያፈርሳል የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው። ነገር ግን በተዘዋዋሪ የተነገረ ነገር በተዘዋዋሪ ይታለፋል። ደግሞም ያ አንቀጽ የሚጠብቀው የተጠመቀውን አይሁዳዊ ነው፤ ያልተጠመቀው ጎረቤት ከደጅ ውጭ ይቀራል። ባርት ራሱ በ1967 ለኤበርሃርድ ቤትጌ በጻፈው ደብዳቤ የአይሁድን ጉዳይ ዋና ነጥብ ባለማድረጉ በደለኛነት እንደሚሰማው ገልጧል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢቀርብ ኖሮ ከናዚ ወገን ጋር በሚታገሉት ዘንድ እንኳ ተቀባይነት እንደማያገኝም ጨምሯል። በእኔ አስተያየት ይህ ምክንያት ከጥፋቱ ይልቅ ከባድ ነው። የሁሉንም ፊርማ ለማግኘት የተበደለው ሰው ስም መቅረት ካለበት፣ ፊርማዎቹ የሚያሳዩት አንድነት ምን ዓይነት አንድነት ነው?

በዚያ ጉባኤ ያልነበረው፣ በለንደን መጋቢ ሆኖ ያገለግል የነበረው ዲትሪክ ቦንሆፈር ከአንድ ዓመት በፊት ጥያቄውን በግልጽ አንሥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መንግሥት ፍትሕን እንደሚጠብቅ መጠየቅ፣ ተጎጂዎችን ያልተጠመቁ ቢሆኑም መርዳት፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሚቀጠቅጠውን መንኰራኵር ራሱን ማስቆም እንዳለባት ጻፈ። ያም ጽሑፍ ነቀፋ የለበትም አይባልም፤ ስለ አይሁድ የቆየውን የርግማን አነጋገር ይዟል። ቢሆንም የተጎዳውን ወገን ጠርቶ ጀመረ።

ስም መጥራት እንደሚቻልና ዋጋ እንደሚያስከፍልም ታሪኩ ራሱ ያሳየናል። በ1936 የተናዛዧ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ለሂትለር በላኩት ማስታወሻ የአይሁድን ጥላቻና የማጎሪያ ካምፖችን በግልጽ ነቀፉ፤ ለክርስቲያን ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ እንዳለበት አስታወሱ። ጽሑፉ በውጭ አገር ጋዜጦች ሲወጣ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው የሕግ ባለሙያና የቤተ ክርስቲያኒቱ ሠራተኛ ፍሪድሪክ ቫይስለር ታሰረ፤ በፌብሩዋሪ 1937 በዛክሰንሃውዘን ካምፕ ሞተ።

ወደ ጦርነት እንምጣ። በ1914 ዘጠና ሦስት የጀርመን ምሁራን የአገራቸውን ጦርነት የሚደግፍ መግለጫ ሲያወጡ ባርት ያከብራቸው የነበሩ የነገረ መለኮት መምህራኑ ሃርናክና ሄርማን ፈርመው አገኛቸው። ነገረ መለኮታቸው ለጦርነቱ እንዲህ በቀላሉ ካገለገለ መሠረቱ ራሱ መመርመር አለበት አለ፤ የባርሜን አንደኛ አንቀጽ ሥር ከዚያ ድንጋጤ ይጀምራል። አምስተኛው አንቀጽም መመዘኛ ሰጥቶ ነበር፦ ፍትሕና ሰላም። በሴፕቴምበር 1938 ጦርነት ሲያንዣብብ አንዳንድ የተናዛዧ ቤተ ክርስቲያን መሪዎች ይህን አስበው የንስሐና የሰላም ጸሎት አዘጋጁ። የኤስ ኤስ ጋዜጣ «የአገር ክህደት» አለው። ቀድሞ ከባርሜን ጉባኤ ጎን የቆሙት ጳጳሳት ማይዘርና ቩርም ግን ከጸሎቱ ራሳቸውን አራቁ። ጸሎቱ ስለ ድል ሳይሆን ስለ ኃጢአት የሚናገር መሆኑ አስፈሪ አድርጎት ነበር።

ምናልባት «ቤተ ክርስቲያን ፓርቲ አይደለችም፤ ስም መጥራት ከጀመርን በየወገኑ እንጎተታለን» ትሉ ይሆናል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የአንድ ወገን ሟቾችን ብቻ የሚቆጥር ስብከት በነቢያዊ ድምፅ የተሸፈነ የፓርቲ ንግግር ነው። መድኃኒቱ ግን ዝምታ አይደለም። መፈተኛው ይህ ነው፦ እኔ የምደግፈው ወገን፣ የእኔ ቋንቋ ተናጋሪ ወይም የእኔ ሠራዊት የጎዳውን ሰው ስም በጸሎት ልጠራ እችላለሁን? ይህን የሚያደርግ አገልጋይ የፓርቲ ሰው ሊባል አይችልም፤ ፓርቲ የራሱን ተጎጂ እንጂ የሌላውን አይጠራምና።

በጌታችን ምሳሌ (ሉቃስ 10፥25–37) ይህን እናያለን። ኢየሱስ የረዳውን ሰው በወገኑ ጠራው፤ ሳምራዊ ነው አለ። ሕግ አዋቂው ግን በመጨረሻ ሲጠየቅ ያን ቃል ከአፉ ማውጣት አልፈለገም፤ ምሕረት ያደረገለት ብሎ ብቻ መለሰ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ስሙ ግን ጎደለው። ባርሜንም እንዲህ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለጀርመን ፓስተሮች አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲካሄድ፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች አካባቢዎች ግጭቱ ሲቀጥል፣ በየጉባኤያችሁ የቀረቡትን ጸሎቶች አስታውሱ። የእነማን ስም ተጠራ? የእነማንስ ቀረ? «ለአገራችን ሰላም» የሚለው ጸሎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ማንም ሳይነካ «አሜን» የሚለው ጸሎት ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው እሑድ የምልጃ ጸሎት ስታዘጋጁ ከመድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ረቂቁን ከጉባኤያችሁ ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ ይህ ሰው ከእናንተ ሌላ ወገን የሆነ ይሁን። የእርሱ ሐዘን በጸሎቱ ውስጥ ካልተገኘ ገና አልጨረሳችሁም።