ድፍረትና መከታ፦ በባህል ጨዋታዎች ላይ የሚጻፈው ሲመረመር

ገና፣ ጉግስና የሱሪ የዱላ ግጥሚያ በልዩ ልዩ ጸሐፊዎች ብዕር ተደጋግመው ተገልጸዋል። ከነዚህ ጽሑፎች የሚበዙት፣ በበዓል ሰሞን የሚወጡትም ሆኑ ለጎብኚ የሚዘጋጁት፣ በአንድ ዐሳብ ይስማማሉ፤ ይኸውም ተጫዋቹ ስብራትን የማይፈራ፣ ሕመምን ከቁም ነገር የማይቈጥር ሰው ነው የሚል ነው። የውጭ አገር ሰው ይህን ጠባይ ጭካኔ ሲለው የአገር ልጅ ወኔ ይለዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጀግንነትን ሕመም ካለመሰማት ጋር አንድ አድርገው ቈጥረውታል። ይህ ዐሳብ ግን በራሳቸው በጨዋታዎቹ ሥርዓት ሲመዘን የሚጸና አይደለም።

በመጀመሪያ ጉግስን መመልከት ይገባል። በጉግስ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ሲሸሽ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሹም በፈረሱ ላይ ዞሮ በጋሻው ይመክታል ወይም ጐንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ቀጥሎ ተራው ይለወጥና አሳዳጅ የነበረው ይሸሻል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ሽሽት የጨዋታው እኩሌታ እንጂ ነውር አይደለም፤ ጋሻ ይዞ መምጣትም ፍርሃት አይባልም። የሚመሰገነው ዘንግ በጀርባው ያረፈበት ሳይሆን ዘንጉን መክቶ የመለሰው ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የዐድዋን ዘማቾች በማሰብ ነው። የጦር ሜዳን የሚያውቅ ሕዝብ፣ ራሱን መጠበቅ የማይችል ፈረሰኛ ወገኑንም ሊጠብቅ እንደማይችል ያውቃል።

በተለምዶ ዶንጋ የሚባለው የሱሪና የሙርሲ ግጥሚያ ከሁሉ ይልቅ የጭካኔ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀስ ነው። ሆኖም የሙርሲ ተጋጣሚ እጁን በተሠራ መከላከያ፣ ቅልጥሙን በቆዳ፣ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሜዳ ይገባል፤ ይህም ልብስ ለጌጥና ለክብር ጭምር የሚለበስ ስለሆነ በዚያ ሕዝብ ዘንድ መከታና ማዕረግ አልተለያዩም። ዮን አቢንክ እ.ኤ.አ. በ1999 በሱሪ ግጥሚያ ላይ ባወጣው ጥናት እንደሚታየው፣ ግጥሚያው ዳኞች አሉት፤ ተጋጣሚን መግደል ክልክል ነው፤ ሞት ቢደርስም ካሳ ይከፈላል። በዚሁ ጥናት የሱሪን ሥርዓት ያናጋው ዱላው ሳይሆን ጠመንጃ መብዛቱ ነው። ጠመንጃን ዳኛ አይገላግለውም፤ የቅልጥም ቆዳም አይመክተውም።

ገና ግን ከነዚህ ሁለቱ የተለየ ነው። በቀድሞው ልማድ የተጫዋች ቍጥር አይወሰንም፤ ቈልማማው ዱላ ሩሯን ሲከተል ቅልጥምን፣ ጣትንና ራስን ያገኛል፤ ጋሻም ሆነ የራስ መሸፈኛ የለም። በዚህ ጨዋታ ጌታ እንደማይቈጣ የሚነገረው የታወቀ አባባል ብዙ ጊዜ የእኩልነት ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል፤ በአንድ በኩልም እውነት ነው፤ ሎሌ ጌታውን ቢመታ በዚያ ቀን አይጠየቅምና። ነገር ግን ቍጣን የሚከለክል ሕግ አቤቱታንም ይከለክላል። ጣቱ የተሰበረው ሎሌ ማንን ይከሰስ? ስለዚህ የገና ሥርዓት የሚጠብቀው የሰውን አካል ሳይሆን የመንደሩን ሰላም ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ጉግስ አካልን፣ የሱሪ ግጥሚያ ሕይወትን፣ ገና ደግሞ ሰላምን ይጠብቃሉ። ሦስቱን በአንድ «ወኔ» በሚል ቃል የሚጠቀልል ጽሑፍ ይህን ልዩነት ይደመስሰዋል።

ሕመም አለመሰማት ጀግንነት ነው የሚለው ዐሳብ ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ከዘነበወርቅ ይልቅ የሚያስረዳ ሰፈር በአዲስ አበባ አይገኝም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥልጠና ማዕከል የሆነው አለርት ተቋቁሟል። በዚህ በሽታ የታመመ ሰው ጣቱን የሚያጣው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው የሚል እምነት ለረጅም ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ ግን አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ነርቩ ተጎድቶ ሕመም ስለማይሰማ መሆኑን አስረዳ። ሰውየው ትኩስ ድስት ይይዛል፣ ሚስማር ይረግጣል፣ አይሰማውም፤ ቍስሉም ሳይታወቅ ይሰፋል። ስለዚህ ስሜት ያጣ እግር በየቀኑ በዐይን መመርመር፣ በሚስማማ ጫማም መጠበቅ አለበት። በሽተኛው ስላልታመመ ጀግና አይባልም፤ ጀግንነቱ ሰውነቱ የማይነግረውን አደጋ ዕለት ዕለት በዐይኑ ፈልጎ መጠንቀቁ ነው።

ይህ ትምህርት ለስፖርትም ይሆናል። የተሰበረ ቅልጥም ያስጮኻል፤ ስለዚህ ጨዋታው ይቆማል። አንጎል ግን በራሱ ሕመም የሚሰማው ሥጋ አይደለም። ራሱን የተመታ ተጫዋች ተነሥቶ ሲሮጥ ይጨበጨብለታል፤ ጉዳቱ የሚገለጸው ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሃሪሰን ማርትላንድ በቡጢ ተጋጣሚዎች ላይ ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ትውልዱ ናይጄሪያዊ የሆነው ቤኔት ኦማሉም እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች አንጎል ላይ ያገኘውን አሳተመ። በዚህ ጊዜ የተጫዋቹን ድፍረት መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የማይሰማውን ነገር ሊደፍረው አይችልምና። ስለ እርሱ ፈርቶ ከሜዳ የሚያስወጣው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። የሱሪ ዳኛ ያለው ሥልጣንም ከዚሁ ወገን ነው።

«ፈሪ ለእናቱ» የሚለው አነጋገር የተለመደው ለስድብ ነው። ሆኖም ጀግናውም ሲሰበር የሚመለሰው ወደ እናቱ ቤት ነው፤ የሚታሸው፣ የሚጎርሰው፣ ሥራ ቢፈታም የሚጦረው በዚያው ነው። በጨዋታዎቹ ላይ የሚጻፈው ግን ከዚህ ደጅ አይደርስም። አሰላለፉን፣ ዘፈኑንና ዱላውን ይገልጻል፤ ማን እንዳሸነፈ ይናገርና ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። በማግስቱ ወጌሻ የተጠራለት ማን ነበር? ዐይኑ የጠፋው ልጅ እንዴት አደገ? ካሳ ተከፈለ ወይስ በአባባሉ ተሸፈነ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ድፍረትን ማወደስ ዋጋው ያልተነገረ ዕቃ እንደ ማሞገስ ነው።

ስለዚህ የነገው አጥኚ ወደ ጃንሜዳ ወይም ወደ እንጅባራ በበዓሉ ቀን ከሄደ በኋላ በሳምንቱ ደግሞ ወደ ተጎጂው ቤት መመለስ ይኖርበታል። ጨዋታዎቹን ያቈዩት አባቶች ጋሻውን ከዘንጉ ጋር አስተካክለው ለሸሹ ሰጥተውታል፤ ጽሑፉ ዘንጉን ብቻ ይዞ መቅረት የለበትም።