የፔሊትሳ «አራተኛው መደብ» ስብከት ነውን?

የኢጣልያዊው ሠዓሊ የጁዜፔ ፔሊትሳ ዳ ቮልፔዶ ስም ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው «አራተኛው መደብ» የተባለውን ሥዕል ነው። ይህም ሥዕል የሠራተኛው ዓርማ ሆኖ በወረቀት እየታተመ ስለ ተሠራጨ፥ ከሥዕልነቱ ይልቅ ምልክትነቱ በልጧል። ከዚህ የተነሣ «ስብከት እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚሉ አልጠፉም። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ የተፈረደው በኅትመቱ ላይ ነው እንጂ በሸራው ላይ አይደለምና። (እኛም ተማሪዎች የምናየው በመጽሐፍ ገጽ ልክ የተቀነሰውን ስለሆነ፥ ጥንቃቄ ያስፈልገናል።)

ፔሊትሳ በ1868 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ ናቸው) በፒየሞንቴ አውራጃ በቮልፔዶ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በሚላኖ፥ በሮማ፥ በፊሬንዜና በቤርጋሞ ከተማረ በኋላ ኑሮውን በዚያው በመንደሩ አደረገ። የያዘው ስልት ዲቪዚዮኒስሞ ይባላል። ይኸውም ቀለሞችን አስቀድሞ ከመደባለቅ ፈንታ፥ እያንዳንዱን ለብቻው በነጥብና በቀጭን መስመር ጎን ለጎን ማኖር ነው፤ ድብልቁን የሚፈጽመው ራቅ ብሎ የቆመው ተመልካች ዓይን ነው። ሴጋንቲኒ ይህንን ስልት ለአልፕስ ተራሮች ብርሃን ሲያውለው፥ ፔሊትሳ ደግሞ በገበሬ ፊትና በአቧራማ መሬት ላይ ሞከረው። እንግዲህ በጥቁርና ነጭ በታተመ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው የሠዓሊው ድካም ነው።

ሐሳቡን አንድ ጊዜ ብቻ አልሣለውም። በመጀመሪያ «የረኀብ መልእክተኞች»ን፥ ቀጥሎም ከ1895 ጀምሮ «ፊዩማና»ን ሠራ፤ የዚህ ስም ትርጉም የወንዝ ሙላት ማለት ነው። በግንቦት 1898 ወታደሮች በሚላኖ ሕዝብ ላይ ተኩሰው ብዙ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ፔሊትሳ ሥራውን በአዲስ ሸራ ጀምሮ በ1901 ፈጸመው። ሰባኪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ደም በኋላ የሚሥለው ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። በሸራው ላይ ግን ባንዲራ የለም፥ መሣሪያም የለም፥ የተነሣ ጡጫም የለም። ጎርፍ የነበረው ሕዝብ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሆነ። መካከለኛው ሰው አንድ እጁን በመቀነቱ አስገብቶ፥ በሌላው ኮቱን በትከሻው ላይ ይዞ ሳይቸኩል ይራመዳል። ሕፃን ያቀፈችው ባዶ እግሯ ሴት ወደ እርሱ ዞራ እጇን ዘርግታ ትናገረዋለች፤ ለእርስዋ መልክ ምሳሌ የሆነችው የሠዓሊው ሚስት ቴሬሳ ናት።

ጉድለት የለበትም አልልም። ከፊት ያሉት ሦስቱ እንደ ሐውልት ደርቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ ቆመው የተሣሉ መሆናቸው ይታወቅባቸዋል። ቢሆንም ሸራው 293 በ545 ሳንቲሜትር ስለሆነ፥ እውነተኛ የሰው ቁመት ይዘው ወደ ተመልካቹ የሚመጡ ናቸውና ድርቀታቸው በገጽ ላይ እንደሚታየው አይከብድም።

በ1902 በቶሪኖ ኤግዚቢሽን ቀርቦ ሽልማት አላገኘም። የሚላኖ ከተማ የገዛው በ1920 ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ነው፤ ፔሊትሳ ግን ሚስቱ በሞተች በ1907 በሥዕል ቤቱ ራሱን ገድሎ ነበር።

በ1904 የሣለው «ፀሐይ» ሰው የሌለበት፥ የሚወጣው ብርሃን ብቻ የሚታይበት ሥራ ነው። በስልት ብቻ ቢመዘን ከ«አራተኛው መደብ» ይበልጣል። እኔ ግን ስልቱ በቀላሉ የተሳካበትን ሳይሆን፥ ከሰው ፊት ጋር የታገለበትን እመርጣለሁ።