በ«ፈታች» እና በ«ፈቱ» መካከል

ከመቂ ወደ አዳማ በሚመጣ አባዱላ ውስጥ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት የጫኑ እናት ከረዳቱ ጋር በጭነት ሒሳብ ይጨቃጨቃሉ። ዓለም ጤናን አለፍን፣ ሞጆ ደረስን፣ አልተስማሙም። በመጨረሻ ሴትዮዋ መቀነታቸውን ፈቱ።

«መቀነቷን ፈታች» ብዬ ብጽፈውስ? ሴቲቱም፣ መቀነቱም፣ ገንዘቡም ያው ነው። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። በአማርኛ ታሪኩን ከማን አንጻር ልንገረው የሚለው ጥያቄ «እኔ» ልበል ወይስ «እሱ» በሚለው ብቻ አያልቅም። ደራሲው ስለ አንድ ሰው ግስ በጻፈ ቁጥር፣ ከዚያ ሰው ፊት እንዴት እንደቆመ ሳይወድ በግዱ ይናገራል። እንግሊዝኛ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ መሣሪያውም ግን የለውም።

በዚህ መሣሪያ አጠቃቀም የሐዲስ ዓለማየሁን ያህል እጀ ብልህ አላየሁም። (እኔም እሳቸውን አንቱ ከማለት አላመለጥኩም።) በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ተራኪው ሁሉን አዋቂ ነው፤ ከሁሉም ልብ ይገባል። ግን ሁሉንም በአንድ አፍ አይጠራም። ቦጋለ መብራቱ «እሱ» ነው፤ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ «እሳቸው» ናቸው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ፊታውራሪውን ሲማርኳቸው እንኳ ተራኪው አንቱታውን አይገፍፋቸውም። ሰውየው እየተዋረዱ፣ ግሱ እጅ ይነሣል። ሳቁ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። ተራኪው ቀድሞ ቢስቅባቸው ኖሮ ለእኛ የሚተርፈን አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ያውቀዋል፤ ያ ሁሉ ጉድ የሚነገረው በጨዋ አንደበት ነው።

በ«እኔ» ሲተረክ ነገሩ ይዞራል። በአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» የሚያወራን ባለታሪኩ መዝገቡ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ማንን አንተ፣ ማንን አንቱ እንደሚል ስንሰማ የምናውቀው እሱን ነው፤ አስተዳደጉን፣ ቂሙን፣ ፍርሃቱን።

አዳማ እንደገባሁ ፍራንኮ ሰፈር አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የአባዱላውን ነገር በረዳቱ አፍ ልጽፈው ሞከርኩ። በ«እኔ» ሲያወራ መቀነቱ ውስጥ ስንት ብር እንደተቋጠረ ማወቅ አይችልም፤ የሚያየው የሚንቀጠቀጡ ጣቶችን ብቻ ነው። ይህ ገደብ መጀመሪያ አናደደኝ፣ ኋላ ጠቀመኝ። በመጀመሪያው ረቂቅ መጨረሻ ላይ «አሳዘኑኝ» የሚል ቃል ነበር። ሰረዝኩት። በምትኩ ረዳቱ እስከ ሞጆ «ትጨቃጨቀኛለች፣ አልከፍልም ትላለች» እያለ እንዲያወራ አደረግሁና፣ ቋጠሮው ጋ ሲደርስ «መቀነታቸውን ፈቱ» አስባልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። የልጁ ልብ የተሰበረው በአንድ ግስ ጫፍ ላይ ነው።

እውነተኛው ረዳት እንኳን ከእኔ ይሻል ነበር። ሴትዮዋን ያናግራቸው የነበረው በኦሮምኛ ነው፤ በጭቅጭቁ መሐልም «ኢሲን» ማለቱን አልተወም፤ የኦሮምኛ አንቱ መሆኑ ነው። አዳማ መናኸሪያ ስንደርስ ጆንያውን ያወረደላቸውም እሱ ነው።