ፍርሃት ብቻውን አያድንም፦ «ኒር አውቶማታ» ስለተባለው ጌምና ስለሚተርከው ታሪክ



ስለ ቪዲዮ ጌም በየቤታችን የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰዓት ነው። «ሶላት አለፈህ፣ ጥናትህን ተውክ» እንላለን። ማለታችን ተገቢ ነው። ግን ልጁ እዚያ ተቀምጦ የሚከታተለው ታሪክ ምን እንደሚል የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ከጌሞች መካከል «ማን ሠራኝ? ለምንስ ተሠራሁ?» የሚለውን ትልቅ ጥያቄ የሚያነሱ አሉ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን አብረን እንመርምር።

ጌሙ «ኒር አውቶማታ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጃፓን የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ዮኮ ታሮ፣ የሠራው ድርጅት ፕላቲነም ጌምስ፣ አሳታሚው ደግሞ ስኩዌር ኢኒክስ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ11945 ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን በሠሯቸው ማሽኖች አማካይነት ምድርን ወረዋል። የሰው ልጅ ወደ ጨረቃ ሸሽቶ፣ ምድርን እንዲያስመልሱለት ሰው መሰል ሮቦቶችን ያዋጋል ተብሎ ይነገራል። ተዋጊዋ ቱቢና ባልደረባዋ ናይንኤስ ከእነዚህ ሮቦቶች ናቸው።

እውነቱ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ጨረቃ ላይ ማንም የለም። የሰው ልጅ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ወሬው ሮቦቶቹ የሚዋጉለት ነገር እንዲኖራቸው የተፈጠረ ውሸት ነው። የማሽኖቹ ሠሪዎችም በገዛ ማሽኖቻቸው ተገድለዋል። ሁለቱም ወገን የሚተላለቀው ባለቤት ለሌለው ጦርነት ነው ማለት ነው።

የአተራረኩ ብልሃት የሚታየው የመጀመሪያው ፍጻሜ ላይ ሲደረስ ነው። ታሪኩ አለቀ ሲባል ያንኑ መንገድ በናይንኤስ ዓይን እንደገና ያስጀምራል። ይህ ሁለተኛ ዙር ተጫዋቹን መጀመሪያ የሚያስገባው በአንድ ትንሽ ማሽን አካል ውስጥ ነው። ትንሹ ማሽን የወደቀ ወንድሙን ለማስነሳት ዘይት በባልዲ ተሸክሞ እየተደነቃቀፈ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ሳይቆጥር የሰባበረው እጅ አሁን ባልዲውን ይሸከማል። የጠላትን ልብ ተናግሮ ማስረዳት ይቻላል፤ በገዛ እጅ ማስነካት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ የጌሙ እውነተኛ ጥንካሬ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የፓስካል ታሪክ ነው። ጌሙ ለብዙ ማሽኖች የፈላስፎችን ስም ሰጥቷል፤ ፓስካልም የፈረንሳዩን ፈላስፋ ስም የያዘ ማሽን ነው። ጦርነትን ትቶ ሰላማዊ መንደር መሥርቷል፤ መጻሕፍት ያነባል፤ ሕፃናት ማሽኖችን ያስተምራል። ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ፍርሃት ነው፤ ከአደጋ እንዲጠበቁበት። ጠላት በመጣ ጊዜ ደብቋቸው ሊከላከልላቸው ይወጣል። ድል አድርጎ ሲመለስ ሕፃናቱ ከፍርሃት ብዛት ራሳቸውን አጥፍተው ያገኛቸዋል። የገደላቸው ጠላት አልነበረም፤ ሊያድናቸው የተሰጣቸው ትምህርት ነበር። ፓስካልም ወይ ትዝታዬን አጥፉልኝ ወይ ግደሉኝ ብሎ ይለምናል። ተጫዋቹ ትዝታውን ከሰረዘለት፣ በኋላ የሕፃናቱን አካል ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንደ ተራ ዕቃ ሲሸጠው ያገኘዋል።

ይህን ክፍል የሚያይ አስተማሪና ወላጅ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ዑለሞቻችን ፍራቻንና ተስፋን በወፍ ሁለት ክንፎች፣ ውዴታን ደግሞ በራሷ ይመስሉታል። በአንድ ክንፍ የምትበር ወፍ የለችም። ለሕፃን ስለ ጀሀነም ነግረን ስለ አላህ (ሱ.ወ.) እዝነት ሳንነግረው ከቀረን፣ ክንፍ ሰጠነው ወይስ ሰበርንበት?

ይህን ስል ጌሙን ሙሉ በሙሉ እያወደስኩ አይደለም። ሁለት ነገር እወቅሰዋለሁ። አንደኛ፣ ስለ አምልኮ የሚያሳየው ሥዕል ጠባብ ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ ማሽኖች «አምላክ እንሆናለን» እያሉ ራሳቸውንም ሌላውንም ይገድላሉ። ይህ አምልኮ ሳይሆን የአምልኮ ተቃራኒ ነው፤ አምላኪ ባሪያነቱን የሚያውቅ ነውና። ተረጋግቶ የሚሰግድ፣ በመስገዱም ለጎረቤቱ የሚያዝን አንድ እንኳ በዚያ ፋብሪካ አይታይም።

ሁለተኛው ወቀሳ ይከብዳል። ታሪኩ «የሠራችሁ የለም፤ ትርጉምን ራሳችሁ አብጁ» ወደሚል መልስ ያዘነብላል። በመጨረሻው ፍጻሜ ግን የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ራሱ ጠላት ሆኖ ይተኩሳል፤ ብቻውን የሚወጣው ተጫዋች ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ሌሎች ተጫዋቾች ለእርዳታ ይመጣሉ። ካሸነፈ በኋላ ይጠየቃል፦ የማታውቀውን፣ ምናልባትም የምትጠላውን ሰው ለመርዳት እስካሁን የደከምክበትን መዝገብ በሙሉ ትሰጣለህን? እሺ ካለ ሁሉም ይሰረዛል። ተረጂው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ምስጋናም አይደርሰውም።

እኛ ይህን እናውቀዋለን፤ ከይዩልኝ የጠራ ድብቅ ሰደቃ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ትርጉም ሁሉ በየራሳችን የተበጀ ከሆነ፣ ለራሱ ብቻ ትርጉም ያበጀው ሰው ለምን ይወቀሳል? መስጠት ከመንፈግ እንደሚበልጥ ጌሙ ራሱ አጥብቆ ያምናል፤ ለምን እንደሚበልጥ ግን መሠረቱን አያሳይም። ጥያቄው ከመልሱ በልጧል።

ወላጆች ሆይ፣ ጌሙ ለሕፃናት አይደለም። ደም አለበት፤ የባለታሪኳ አለባበስም ከሥርዓት የወጣ ነው። በአውሮፓ ለ18፣ በአሜሪካ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሚስማማ ተብሎ ደረጃ ተሰጥቶታል። ለትንንሾቹ «አይሆንም» በሉ። ለአካለ መጠን የደረሰው ልጃችሁ ተጫውቶት ከሆነ ግን ከቁጣ በፊት ጠይቁት፦ ሮቦቶቹ ለማን ነበር የሚዋጉት? ፓስካል ምን አጠፋ? አንተስ መዝገብህን ሰጠህ? የፈጠረው ማን እንደሆነና ለምን እንደፈጠረው የሚጠይቀው ልጅ መልስ ፈላጊ ነው። ከእናንተ ዘንድ ቁጣ ብቻ ካገኘ መልሱን ከማሽን ይወስዳል።

አላህ (ሱ.ወ.) ፍራቻንም ተስፋንም አስተካክለን የምናወርስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።