ሄዶ የተጻፈው፣ ሄዳ ያልተጻፈችው

ነገሩ የተጀመረው በፊደል ግድፈት ነው።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ በምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ የመብራት ቆጣሪዎቹ በተደረደሩበት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አይጠፋም። «የሚከራይ ቤት»፣ «ሞግዚት ይፈለጋል»፣ «ቋሚ ውኃ ታንከር እናጥባለን»... ከሁሉም ሰፊውን ቦታ የያዘው ግን የውጭ አገር ሥራ ነው። አንዱ ዛሬ ቢቀደድ ነገ ሌላ ይተካበታል። እኔም ስወጣ ስገባ አነባቸዋለሁ። ስለ መጻሕፍት እየጻፈ የኖረ ሰው ዓመሉ አይለቀውምና የፊደል ስህተታቸውን እየለቀምኩ ለብቻዬ እስቃለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ አራት ገጽ ወረቀት ይዛ በሬን አንኳኳች። ሪያድ ለቤት ሠራተኛነት ልትሄድ «ፕሮሰስ» ጀምራለች። ወረቀቱ የሥራ ውሏ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ መቼም መጽሐፍ ያነባሉ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። መነጽሬን ሰካሁ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ አገኘሁትና ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። አረምኩ። እንደገና አረምኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ፊደሉን ይተዉትና በቀን ስንት ሰዓት ነው የምሠራው?» አለችኝ።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ደሞዙ ተጽፏል። የውሉ ዘመን ተጽፏል፤ 2 ዓመት። «የሥራ ሰዓት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ግን ነጠብጣብ ነበር። ከዳር እስከ ዳር የተደረደረ ነጠብጣብ። ስንት ዘመን ሂስ ስጽፍ እንደዚያች ልጅ ጥያቄ ወደ ጽሑፉ እምብርት የገባ አስተያየት አልሰጠሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ያች የነጠብጣብ መስመር ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ባሕር ማዶ የተጻፉትን ድርሰቶቻችንን እያወጣሁ፣ «እነዚህስ ምኑን ሞልተው ምኑን በነጠብጣብ ተዉት?» እያልኩ አያቸው ጀመር።

ቀድሞ የሚነሣው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» ነው፤ በ1925 ዓ.ም. የታተመው። የተጉለቱ ልጅ አወቀ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል። አባቱ ሲሞቱ ተዝካሩን እንደ ልማዱ ይደግስ እንደሆነ ከዘመድ ጋር ክርክር ይገጥማል። ቀጥሎ በ1941 ዓ.ም. የወጣው የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» አለ። እሱም ፈረንሳይ አገር ተምሮ አገሬን ላገልግል ብሎ ይመለሳል፤ የሚጠብቀው ግን እንዳሰበው አይሆንም። ከዚያ ዘመን ተሻግረን ወደ ሲኒማ ብንሄድ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እናገኛለን። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና አጥንቶ፣ አካሉም መንፈሱም ተጎድቶ፣ ጣና ዳር ወዳለችው የእናቱ መንደር ይመለሳል።

ሦስቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ላንኳስሳቸው አልተነሣሁም። ነገር ግን ሦስቱም ወንዶች ናቸው። ሦስቱም የሄዱት ለትምህርት ነው። ሦስቱም ይመለሳሉ፤ ታሪኩም በሙሉ ክብደቱ የሚወድቀው መመለሱ ላይ ነው። ደራሲዎቻችን የሚጠይቁት፣ «ይህ የተማረ ሰው ምን ይዞ መጣ? አገሩስ ትቀበለዋለች ወይ?» እያሉ ነው። ለዘመኑ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ባሕር ማዶ መሄድ ማለት ለጥቂቶች መማር ማለት በነበረበት ጊዜ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ዛሬ ግን ከቦሌ ተነሥቶ በሰሚት ጣሪያ ላይ የሚያልፈው አውሮፕላን የሚጭነው አወቀንና አርአያን ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። እነዚህ ሁሉ ባሕር ማዶ ኖረው የተመለሱ ናቸው። «ምን ይዘው መጡ?» ብሎ ልብ ወለድ የጻፈላቸው ግን ስንት ነው?

ስለ ዓረብ አገር ምንም አልተባለም አልልም። ተዘፍኗል፣ ድራማ ተሠርቷል፣ ፊልምም ተነሥቷል። እኔ ያየኋቸውና የሰማኋቸው አብዛኞቹ ግን ከኤርፖርት ለቅሶ ይጀምሩና በሬሳ ሣጥን ወይም በአእምሮ መናወጥ ያበቃሉ። ያስለቅሱናል፤ አልቅሰን ወደ ቤታችን እንገባለን። ያች ልጅ ወረቀቱን ይዛ የምትቀመጥበትን ሰዓት፣ ምርጫ የነበራትን ያችን አንዲት ሰዓት፣ ዘለዋት ያልፋሉ። ከመጀመሪያውም «ዕድለ ቢስ» አድርገው ስለሚስሏት የምትጠይቀው ጥያቄ ያላት አትመስልም። ሐዘኔታ ሲበዛ ሰውየውን ራሱን ይሸፍነዋል።

ይህ አይቻልም እንዳይባል ሴኔጋላዊው ሴምቤን ኡስማን በ1966 እ.ኤ.አ. አሳይቶናል። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የምትረዝም፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ናት። ጁዋና የተባለችው ወጣት ዳካር ውስጥ ሥራ ፈላጊዎች ከሚቀመጡበት ጥግ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ፈረንሳዊት እመቤት ትመርጣታለች። ልጅ ለመጠበቅ ተቀጥራ ኋላ ወደ ፈረንሳይ፣ አንቲብ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ትወሰዳለች። እዚያ ስትደርስ ምግብ አብሳይ፣ አጣቢ፣ ጠራጊ ሆና ትቀራለች። ፈረንሳይ ለእርሷ ከማድ ቤትና ከመኝታ ክፍል አላለፈችም። መጨረሻዋም ሞት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሞቷ አይደለም። ማንበብ አትችልምና ከእናቷ የመጣውን ደብዳቤ አሠሪዋ ያነብላታል፤ መልሱንም እርሱ በእርሷ ስም መጻፍ ይጀምራል። ጁዋና ያ ደብዳቤ የእርሷ ቃል እንዳልሆነ ይገባታል፤ ከእናቷ የመጣውንም ደብዳቤ ትቀድደዋለች። ሴምቤን እንባችንን ከመጠየቁ በፊት አንድ ወረቀት አሳየን፤ ማን እንደጻፈው፣ በማን ስም እንደተጻፈም አሳየን። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ ነው።

እስቲ እኛም ወረቀቶቻችንን እንደ ድርሰት እናንብባቸው። የግድግዳው ማስታወቂያ ስልቱ አሉታ ነው። «ልምድ አይጠየቅም»፣ «የቋንቋ ፈተና የለም»፣ «ቅድሚያ ክፍያ የለም»። የማይጠየቀውን በዝርዝር ይነግረናል፤ የሚጠየቀውን ግን በስልክ ቁጥር ይተካዋል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አሠሪ የሚባል ባለቤት የለም። ማን ያሠራል? የት? በስንት ሰዓት? ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተጠያቂ የለውም።

ሕጉ ግን ባለቤት አለው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ዋስትናን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው ይላል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት ምስክር ወረቀት ያሉትን ነው። ኤጀንሲው ከእርሷ የአገልግሎት ዋጋ አይቀበልም፤ የውል መብቷ ቢጣስም ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። ይህን የመሰለ ግልጽ አማርኛ እያለ በግድግዳችን ላይ የሚለጠፈው ሌላው አማርኛ ነው።

አሁን ሌላ ወረቀት ላሳያችሁ። እዚያው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንድ ምሩቅ ጀርመንኛ እየተማረ ነው። «ኦፔር» ሆኖ ሊሄድ ነው። ኦፔር ማለት ከ27 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖረ፣ ልጆች እየጠበቀና ቀለል ያለ የቤት ሥራ እያገዘ ቋንቋና ባህል የሚማርበት ዘዴ ነው። ቤተሰቡ ያበላዋል፣ ያስተኛዋል፣ የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ መድን ይገባለታል። ሥራው በጀርመን ደንብ ከሳምንት 30 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ነጠብጣብ የለውም።

ሁለቱን ውሎች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ግሦቹ አንድ ናቸው፤ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት። አንደኛውን ግን «የባህል ልውውጥ» እንለዋለን፤ ሌላውን ሰፈሩ ያለ ኀፍረት «ግርድና» ይለዋል። ልዩነቱ የቃል ብቻም አይደለም። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኞች ያወጣችው ሕግ፣ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ እንደ መሻሻል የተቆጠረው ማለት ነው፣ በቀን እስከ 12 ሰዓት ይፈቅዳል። የሳምንት ዕረፍቱ ተቀንሶ 72 ሰዓት ይሆናል። ሠላሳና ሰባ ሁለት! ያውም ሕጉ ከተከበረ፣ ቁጥሩም ከተጻፈ።

«ደራሲ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጸሐፊ አይደለም፤ ውል ይሞላ ዘንድ አይጠየቅም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ሥነ ጽሑፍ ሰውን በጥያቄው ያስተዋውቀናል። አወቀን የምናውቀው ስለ ተዝካር ስለተከራከረ ነው። ይህችን ልጅ የምናውቃት ስለምታለቅስ ብቻ ከሆነ ስትጠይቅ አንሰማትም፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶዬ ተጠምጄ ልሳታት ምን ቀረኝ?

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቷን ይዛ ወደ ቢሮው ሄደች። ማታ ስትመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋት። «ምን አሉሽ?»

«እዚያ ስትደርሺ ይሞላል አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ታዲያ እዚህ የምፈርመው ምኑ ላይ ነው? አልኳቸው።»

እናቷ ከዕቁብ ቀድመው ገንዘብ አውጥተዋል፤ ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ይጠብቃታል። አልፈርምም አላለችም። እፈርማለሁም አላለችም። ሌላ ቅጂ ይሰጡኛል ብላ ያንን ቅጂ እኔ ዘንድ ተወችው። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፊደሉ ሁሉ ታርሟል፤ ነጠብጣቡ እንዳለ ነው።